ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጂም ውስጥ አሰልጣኝ ነኝ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይመጣና "ኪሎዬ ቆመብኝ" ይለኛል። መጀመሪያ የምጠይቀው "ከቆመ ስንት ጊዜው?" ብዬ ነው። "አምስት ቀን" ከተባልኩ፣ ገና አልቆመም። ጨው የበዛበት ምግብ ስንበላ፣ የወር አበባ ሲቃረብ፣ ጠንካራ ስፖርት በሠራን ማግስት ሰውነታችን ውሃ ይይዛል። ስቡ እየቀነሰ ሚዛኑ ግን አያሳይም። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑ። የሰባቱን ቀን አማካይ ጻፉ። አማካዩ ለሦስት ለአራት ሳምንት ፈቀቅ ካላለ ያን ጊዜ እንነጋገር።

የመጀመሪያውን ወር ፍጥነት አትጠብቁ። ያኔ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከወረደው ብዙው ውሃ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። ስለ ዘይት መናገር አይሰለቸኝም፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። "እንጀራ ቀንሻለሁ፣ ስኳር ትቻለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ" ይሉኛል። ዘይቱስ? ስል ዝም። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ካሎሪ አለው! አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። የሱፍም ሆነ የወይራ፣ ያው ነው።

እትዬ የምላቸው አንዲት ደንበኛዬ ከ83 ኪሎ ወደ 75 ወርደው በሁዳዴ አምስት ሳምንት ሙሉ ቆመባቸው። አንድም ቀን ስፖርት አልቀሩም። ተስፋ ቆርጠው ሊተዉት ነበር። ወጥ ሲሠሩ ዘይቱን በቡና ሲኒ ለክተው እንዲጨምሩ ለመንኳቸው። በማግስቱ ደወሉ፦ "ልጄ፣ ለአንድ ድስት ምስር ሦስት ሲኒ ገባ!" አንድ ሲኒ ዘይት ከ500 ካሎሪ በላይ ነው። ድስቱን ለአራት ቢካፈሉት እንኳ ለእሳቸው የሚደርሰው፣ ከዘይቱ ብቻ፣ ወደ 400 ነው። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ጀመሩ፤ ዘይቱን ግማሽ ሲኒ አደረጉት። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ መውረድ ጀመረ። ስልኩ ላይ ድምፃቸውን ብትሰሙት!

ሻይ ላይ የሚገባው ስኳርና ሲያወሩ የሚቆረጠመው ቆሎም ይቆጠራል።

ሌላው ከባድ ስህተት፣ ሲቆም ምግቡን ጭራሽ መቁረጥ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። በቀን አንዴ እየበላሁ ጠዋትና ማታ ሮጥኩ። ጉልበቴ አለቀ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ የቀነስኩትንም በሁለት ወር መለስኩት። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል የተለመደውን ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሰው ነበር። ከሲታ ሆኑ፣ በረዳቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ሰውነታቸውም ኃይል መቆጠብ ጀመረ። እናንተም ራሳችሁን እንዲህ አታሠቃዩ።

83 ኪሎ የነበረ ሰው 75 ሲደርስ ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ድሮ ኪሎ ያስቀነሰው ምሳ አሁን ላያስቀንስ ይችላል። ማስተካከያው ትንሽ ነው፦ በቀን 150 ካሎሪ መቀነስ፣ ወይም ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ።

ሴቶች፣ እባካችሁ ክብደት ማንሳት አትፍሩ። ትሬድሚል ላይ ብቻ አትቆዩ። ጡንቻ ካልሠራና ፕሮቲን ካላገኘ ከስቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በየማዕዱ ይኑር። እንቅልፍም ሳትጠግቡ አትቅሩ።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ሲያንስ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለአደጋ በሚያጋልጥ መጠን ሊወርድ ይችላል።