የወታደርን የመንፈስ ጽናት ስንገነባ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንደኛው ስህተት ጽናትን ምንም ካለመሰማት ጋር ማምታታት ነው። ተኩስ ሲሰማ ልቡ የሚመታ ወታደር ፈሪ አይደለም፣ ሰውነቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ጽናቱን የማየው ከድንጋጤው በኋላ ራሱን ሰብስቦ ወደ ግዳጁ ሲመለስ፣ ሲከብደው ደግሞ ለጓዱ "ዛሬ ደህና አይደለሁም" ማለት ሲችል ነው። "ቻል አድርገው" እየተባለ የኖረ ሰው ይህን አይልም። ዝም ብሎ ይሰበራል።

ሁለተኛው፣ የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጥቶ ጨረስን ማለት። በአንድ ጠዋት ሩጫ ጉልበት አይመጣም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2009 የመንፈስ ጽናት ፕሮግራም ሲጀምር የበታች ሹማምንትን ለ10 ቀን አሠልጥኖ ወደየክፍላቸው ይመልስ ነበር። ውጤቱ ቢያከራክርም ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ወታደር የሚሰማው አብሮት የሚያድረውን ሰው ነውና።

እንቅልፍ ግን ዋናው ነው፣ ማንም ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሳይተኛ ማደርን የጀግንነት ምልክት የሚያደርጉ አዛዦች አሉ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ጠጥቶ መሣሪያ እንዲይዝ የማንፈቅድለትን ሰው ሳይተኛ ስናሰማራው ምን ይባላል? የዘብ ተራ ሲወጣ እንቅልፍም እንደ ጥይት ተቆጥሮ ይታደል። አዛዡም ይተኛ፣ ያልተኛ አዛዥ የሚሰጠው ትእዛዝ ሌሎችን ያስከፍላል።

ሌላው፣ ከከባድ ውጊያ ማግስት ሁሉንም ሰብስቦ "ያያችሁትን ተናገሩ" ብሎ ማስገደድ። ከቅንነት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች በአንድ ጊዜ ንግግር ለመርዳት የተደረጉ ሙከራዎች ሲገመገሙ፣ በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቦና ጉዳት አልተከላከሉም፣ አንዳንዱንም ሳያብሱበት አልቀሩም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውሃ፣ ምግብ፣ እረፍትና የሚያውቀው ፊት ይበቃዋል። መናገር የፈለገ ይናገር።

የዛለውን ወዲያው ከክፍሉ ነጥሎ ሩቅ መላክም ይጎዳል። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ወታደራዊ ሐኪሞች አቅራቢያው አሳርፈው "ትመለሳለህ" ብለው ማከምን የመረጡት ለዚህ ነው። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻውን እንዳትተዉት፣ መሣሪያውን አርቁለት፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

በመጨረሻ፣ ከግዳጅ ሲመለስ ክትትል ማቆም። ቁጣው፣ ቅዠቱ፣ መጠጡ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፣ ያኔ ደግሞ የሚያየው ቤተሰቡ ብቻ ነው። የጋንታ መሪው ከወር በኋላ ይደውልለት፣ ከሦስት ወር በኋላም ይድገም፣ ቤተሰቡም ለማን መደወል እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ።