ቤንዚንና ጋዝ (በታንክ በፈሳሽነት የሚያዝ LPG) የሚጠቀም የቆየ ካርቡራተር መኪና ነዳጅ ሲያቋርጥ

መጀመሪያ በሁለቱም ነዳጅ ሞክሩት። በሁለቱም ከተንገጫገጨ ነዳጁን ትታችሁ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና የአየር ፊልትሮ እዩ።

በቤንዚን ብቻ ከጠፋ በፖምፓውና በካርቡራተሩ መካከል ያለውን የቤንዚን ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) ፈትሹ። ማብሪያው ወደ ቤንዚን ሲዞር “ቀጭ” ማለት አለበት፤ ካላለ ሽቦው ላይ 12 ቮልት መድረሱን ለኩ። ቮልቱ ካለ ቫልቩ ተቃጥሏል ወይም ተጣብቋል። ለረጅም ጊዜ በጋዝ ብቻ የተነዳ መኪና የፖምፓው ጎማ ስለሚደርቅ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ኪሎሜትር በቤንዚን መንዳት ይበጃል።

በጋዝ ብቻ ከደከመ የግፊት መቀነሻውን በጥንቃቄ ዳስሱ። ፈሳሹ ጋዝ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ይስባል፤ የራዲያተር ውሃ ካልደረሰው በረዶ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ማነስ ወይም መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ቀጥሎ የጋዝ ፊልትሮውንና የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ፈልጉ።

ከቤንዚን ወደ ጋዝ ስታዞሩ ማብሪያውን ሁለቱም ነዳጅ በሚዘጋበት መሃል ላይ ጥቂት አቆዩት። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሳያልቅ ጋዝ ከገባ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል።

ፊልትሮ ከመፍታታችሁ በፊት የታንኩን ቫልቭ ዝጉ፣ የቀረውንም ሞተሩ ያቃጥለው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ላይ ፈጽሞ አትሥሩ። ፍሳሽ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው።