ዞሮ የገጠመ ክንድ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እጁን ሲያስታጥቡት የሚቸገር ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መዳፉን ወደ ላይ መገልበጥ አይችልም። ስለዚህ ትከሻውን ያጋድላል፣ ወገቡን ያጣምማል፣ ውሃው ግን መዳፉ ላይ ሳያርፍ ይፈስሳል። ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ዓምና ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ግን ድኗል።» አዎ፣ አጥንቱ ገጥሟል። የገጠመው ግን ዞሮ ነው።

ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። መዳፋችን የሚገለበጠው በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሌላኛው ላይ ሲዞር ነው። ጤነኛ ክንድ ወደ ላይም ወደ ታችም እያንዳንዱ 80 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ለአብዛኛው የዕለት ሥራ በየአቅጣጫው 50 ያህሉ ይበቃል። ከዚያ በታች ሲወርድ ነው ችግሩ በደንብ የሚታየው።

ትልቁ ስህተት «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» ማለት ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያምነው። የትንሽ ልጅ አጥንት ጎብጦ ከገጠመ፣ በተለይ ወደ አንጓው አካባቢ ከሆነ፣ ከዕድገት ጋር ሊቃና ይችላል። ዞሮ የገጠመ ግን በዕድገት ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። እስከዚያ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ስስ ጅማት እየጠነከረ ይሄዳል። አጥንቱ ቆይቶ ተቆርጦ ቢስተካከል እንኳ እንቅስቃሴው እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

ወጌሻ ጋ ወስዶ አጥብቆ ማሳሰርም አለ። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ ስንቱን ቤት የደገፈ ሙያ ነው። ግን የታሰረው ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስከ ነገ አትጠብቁ። ወዲያው ፍቱትና ሆስፒታል ሩጡ። በማሰሪያ ጥብቀት ብቻ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ።

«ራጁ ቀጥ ያለ ነው» ተብሎ መሸኘትም አይበቃም። ራጅ ጉብጠትን በደንብ ያሳያል፣ መዞርን ግን ይደብቃል። ፎቶው ክርኑንም አንጓውንም መያዝ አለበት። የተሰበረበት ቦታ ላይ የሁለቱ ጫፎች ውፍረት ካልተመጣጠነ መዞሩን መጠርጠር ነው። ለቀዶ ጥገና ሲታሰብ ሁለቱንም ክንድ በሲቲ ስካን ማወዳደር ይረዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ይህን ሞክሩ፦ ልጁ በሁለቱም እጁ እርሳስ ይጨብጥ፣ ክርኖቹን ጎኑ ላይ ያጣብቅ፣ ከዚያ እጆቹን ያዙር። ክርኑ ከጎኑ ከተላቀቀ ትከሻው እያገዘው ነው።

ሁሉም የዞረ ክንድ ከስብራት የመጣ አይደለም፤ ሕክምናውም አንድ ዓይነት አይደለም። በወሊድ ጊዜ ነርቩ የተጎዳ ልጅ መዳፉ ወደ ላይ እንደተገለበጠ ሊቀር ይችላል። ሌላ ሰው ሲያዞረው የሚዞር ከሆነ ጅማቱን ቦታ በማስቀየር ሊታገዝ ይችላል። ከደረቀ ግን አጥንት ቆርጦ ማዞር ያስፈልጋል። ሁለቱ አጥንቶች ክርኑ አጠገብ ተጣብቀው የሚወለዱ ልጆችም አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ያዝናል፤ «ኦፕራሲዮን ሆኖ ለምን አልዞረም?» ይላል። የተጣበቀው አጥንት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጣበቃል። ስለዚህ የተለመደው ቀዶ ጥገና መዳፉን ለሥራ ወደሚመች አቅጣጫ አዙሮ ማስቀመጥ እንጂ እንቅስቃሴ መመለስ አይደለም። በትከሻውና በአንጓው እያካካሰ ደህና የሚኖር ልጅ ጨርሶ ላያስፈልገውም ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት «አሁን ስንት ዲግሪ ይዞራል? ከዚያ በኋላስ ስንት ትጠብቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጀመሪያውን ሌሊት ሕመም መናቅ በጣም አደገኛ ነው። ልጁ ማስታገሻ ወስዶም እየባሰበት ካለቀሰ፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ «ኦፕራሲዮን ነው፣ ማመሙ አይቀርም» አትበሉ። ክንዱ ውስጥ እብጠቱ ጡንቻውን አፍኖት ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ ጡንቻው ይሞታል። ነርሷን ቀስቅሱ፣ ሐኪም አስጠሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ፊዚዮቴራፒውን አታቋርጡ፤ በጉልበት ማሸትና መጠምዘዝ ግን ይቅር። የገባው ብረት ከወጣም በኋላ የብሎኑ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ አጥንቱ ደካማ ነውና፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ኳስ ይቆየው።