ጀርባ ሲጎብጥ፣ ዘርና የመከላከል አቅም ሲነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። ጀርባዋ መጣመሙን መጀመሪያ ያየው ዩኒፎርም ሊሰፋላት የለካት ልብስ ሰፊ ነበር፤ «የቀኝ ትከሻዋ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ እንዴት ላድርገው?» ብሎ እናቷን ጠየቀ። እናትየው እኔ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል እስክትመጣ ድረስ ሐዋሳ ውስጥ ያልነገራት የለም፦ ቦርሳ ከብዷት ነው፣ የአባቷ ወገን ዘር ነው፣ የመከላከል አቅሟ ደክሞ ነው። ከነዚህ አንዳንዱ ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። የሚያሳስተንም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን «ጎበጠ» በሚል አንድ ቃል መጥራት ነው። ስኮሊዮሲስ ጀርባን ወደ ጎን ያጣምማል፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ከ100 ታዳጊዎች 2 ወይም 3 ላይ ይታያል፣ በጣም የሚጣመመው ደግሞ በአብዛኛው ሴቶቹ ላይ ነው። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ የሚባለው ሌላ ነው፤ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ45 ዓመት በፊት ነው፣ ጠዋት ወገብን አድርቆ ይይዛል፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል፣ ሲተኙ ይብሳል። ዓመታት ሲያልፉ ሰውየውን ወደ ፊት ያጎብጠዋል። ሦስተኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ አጥንቱን ይበላውና አንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ የሚወጣ ጉብታ ያመጣል፣ ብዙ ጊዜም የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረውት ይመጣሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጻፈበት በ1779 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ገና የዛሬ በሽታ ነው። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ግን ይድናል። ይህን ጀርባ ወጌሻ ካሸው የተበላው አጥንት ተሰብሮ እግር እስከማሽመድመድ ሊደርስ ይችላል።

«የመከላከል አቅሙን እናጠንክርለት» ማለት ሁለተኛው ነው፤ የሽፈራው ዱቄት በማር የሚጀመረውም በዚህ ሰበብ ነው። ሽፈራው ምግብ ነው፣ ጠላቴ አይደለም። ግን በአንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ ችግሩ የመከላከያው መድከም አይደለም፤ መከላከያው ራሱ የገዛ መገጣጠሚያን እያቃጠለ ነው። ዘበኛው የቤቱን ጌታ ሌባ ነው ብሎ እየደበደበ ለዘበኛው ሌላ ዱላ እንደማቀበል አድርጉት። ከሕመም ማስታገሻዎች አልፎ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጠንካራ መድኃኒት ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመከላከያ መልእክተኛ ያግዳል። ይኸው ቲኤንኤፍ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የተኛውን የቲቢ ጀርም አስሮ ከሚይዙት አንዱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከው መርፌ ያለ ምርመራ የሚጀምር ሰው የተኛውን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል።

የጂን ምርመራን እንደ ፍርድ ማየትም አለ። ኤችኤልኤ-ቢ27 የሚባለው ጂን የሚገኘው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የመከላከያ ሥርዓታችን የራሱን ከባዕድ በሚለይባቸው ጂኖች መሃል ነው። ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1973 ነው። አውሮፓ ውስጥ ከታማሚዎቹ 90 በመቶ ያህሉ አላቸው፤ ጂኑን ይዘው ከሚወለዱት አብዛኞቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ ሕዝቦች ጂኑ ብርቅ ነው፣ በሽታው ያለሱም ይመጣል። ስለዚህ «ኔጌቲቭ ነው፣ ነፃ ነህ» መባል ጠዋት ጠዋት ወገቡ ለሚደርቅ ሰው መልስ አይሆንም።

ወደ ስኮሊዮሲስ ልመለስ፤ እናትየው የጠየቀችኝ ስለሱ ነበርና። «ዶክተር፣ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከእኔ ነው ከአባቷ?» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፣ ብናገርም የሚሰማኝ የለም።) ዘር አለበት፤ አንድ ዓይነት መንትዮች ላይ በተሰበሰበ መረጃ አንዱ ካለበት ሌላውም የሚኖርበት 73 በመቶ ያህሉ ላይ ነው፣ በማይመሳሰሉት መንትዮች 36 በመቶ። 73 ደግሞ 100 አይደለም። በ2011 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤልቢኤክስ1 በሚባል ጂን አካባቢ አንድ ምልክት አገኙ፣ ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ፤ እያንዳንዱ ድርሻው ትንሽ ነው። አማት የምትጣላበት ማስረጃ አይወጣውም።

አባትየው በበኩሉ ስልኩን አውጥቶ «አስፕሪን ይከላከለዋል» የሚል ነገር አሳየኝ። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። በ2018 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ዚብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ የአንድ ጂን ጉድለት የመከላከያ ሥርዓቱን ቁጣ ቀስቅሶ ጀርባን እንደሚያጣምም አሳይተዋል፤ አስፕሪን ሲሰጣቸው መጣመሙ ቀነሰ። ዘር፣ መከላከያና አከርካሪ በአንድ ታሪክ የሚገናኙበት ደስ የሚል ሥራ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ቆሮሶ ዓሣ ሲገፈፍ እያየን ያደግን ሰዎች ዓሣ ልጅ እንዳልሆነ ማወቅ አያቅተንም። ጉንፋን ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊከተል ይችላል። ክኒኑን ኪሱ ውስጥ እንዲመልሰው ነገርኩት።

መጠበቅ የመጨረሻው ነው። «ስታድግ ይቃናል» ይባላል፤ የሚብሰው ግን በምታድግበት ጊዜ ነው። እቤት ማየት ይቻላል፦ ልጅቷ ሁለት እጇን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት ትጎንበስ፤ ከኋላ ሲታይ አንዱ የጎድን ወገን ጉብ ካለ ራጅ ያስፈልጋል። እያደገች ያለች ልጅ መጣመሙ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከሆነ ብሬስ፣ ማለትም ጀርባን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ መታሰሪያ፣ ይታዘዛል። በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ብሬስ ከታሰረላቸው 72 በመቶው፣ ካልታሰረላቸው 48 በመቶው ለቀዶ ጥገና ከሚያደርስ መጣመም ተርፈዋል፤ ይበልጥ የጠቀማቸውም በቀን ከ13 ሰዓት በላይ ያሰሩት ናቸው።

የልጅቷ ራጅ 28 ዲግሪ ነበር። አሁን ብሬሷን ከዩኒፎርሟ ሥር ታስራለች፤ ልብስ ሰፊው ጎኑን ፈትቶ አስፍቶላታል፣ ገንዘብ አልተቀበለም።