ጀርመን አዲስ ለገባችሁ፦ ለቤተሰብ የሚሆን ቀላል የጀርመን ምግብ፣ ሥጋ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይሄን አንብቡ

እሺ፣ ይሄን አንዴ ጽፌ ልገላገል። ኢንቦክስ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፣ "ልጆቹ ኪታ (መዋዕለ ሕፃናት) ከገቡ ወዲህ ወጥ አንበላም አሉኝ፣ የጀርመን ምግብ ምን ልሥራላቸው?" ኧረ ከባድ አይደለም! የጀርመን የቤት ምግብ ማለት ድንች፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና እንቁላል ነው። ሁሉንም ከአገራችሁ ታውቁታላችሁ፣ በርበሬው ብቻ ነው የሌለው። ከፍሪዘር ፒዛ እያወጡ ከማሞቅ ይሻላል፣ በዋጋም አይገናኝም።

ከምስር ሾርባ ጀምሩ፣ ሊንዘንዙፐ ይሉታል። ቴለርሊንዘን የሚባለውን ቡናማ ምስር ግዙ፣ ቀዩን አይደለም፣ ቀዩ ይሟሟል። አትክልት ጋ ዙፐንግሩን የሚባል እስር አለ፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርትና የሴለሪ ሥር አንድ ላይ ታስሮ ይሸጣል፣ ለየብቻ እየፈለጋችሁ አትዙሩ። ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፣ አትክልቱን ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ግማሽ ኪሎ ምስር፣ ሁለት ሦስት ድንች፣ አንድ የሎርበር ቅጠል፣ ውኃ፣ 45 ደቂቃ ገደማ ይብሰል። አቼቶና ጨው መጨረሻ ላይ። አቼቶውን ቀድማችሁ ከጨመራችሁት ምስሩ አልበስል ብሎ ያንገላታችኋል። ለስድስት ሰው ይበቃል፣ ነገ ደሞ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ የጾም ነው፣ በርበሬ የሚፈልግ አባወራ ካለ ሳህኑ ላይ ይነስንስ።

ሁለተኛው ካርቶፈልፑፈር ነው፣ የተፈቀፈቀ የድንች ቂጣ በሉት፣ ልጆች ይሻሙበታል። አንድ ኪሎ ድንችና አንድ ሽንኩርት በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ውኃውን አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ ውኃው ሥር የሚቀረውን ነጭ ስታርች መልሳችሁ ጨምሩበት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ዱቄት፣ ጨው፣ ፍስክ ከሆነ እንቁላል፣ ጾም ከሆነ ያለ እንቁላልም ስታርቹ ይይዘዋል። ዘይት በደንብ ሲግል ስስ አድርጋችሁ ጥበሱ። የሚበላው በአፕፈልሙስ ነው፣ የተፈጨ የበሰለ ፖም ማለት ነው፣ ስኳር ያልተጨመረበት ከፈለጋችሁ አፕፈልማርክ የሚለውን ውሰዱ። ስትጠብሱ መስኮት ክፈቱ፣ ጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል።

ድንች ስትገዙ ደሞ ያገኛችሁትን አታንሱ። ፌስትኮኸንድ የሚለው (ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ምልክት አለው) አይፈርስም፣ ለሰላጣና ለጥብስ ነው። ሜሊሽኮኸንድ (ሰማያዊው) የሚፈርሰው ነው፣ ለፑፈርና ለፒውሬ፣ ማለቴ ተቀቅሎ ለሚፈጭ ድንች። ቀዩ መሃል ነው፣ ካልገባችሁ እሱን ያዙ፣ ለሁሉም ይሆናል።

አሁን ወደ ሥጋው፣ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እኔ የተያዝኩት በተፈጨ ሥጋ ነው። ማሸጊያው ላይ ሃክፍላይሽ ጌሚሽት ይላል። ጌሚሽት የተደባለቀ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቀዩና ስቡ የተደባለቀ መስሎኝ ነበር፣ ደሞ ከጎኑ ካለው ይረክሳል፣ አዲስ ሰው የረከሰውን ነው የሚያነሳው። ለልጄ ልደት ምንቸት አብሽ ሠርቼበት ቤት ሙሉ ሰው በላ፣ አንዷ እህታችን ቆሻሻ ልትጥል ገብታ ማሸጊያውን አነበበችው። የበሬና የአሳማ ሥጋ ተፈጭቶ የተደባለቀ ነው! ማታውን ማን ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም። እዚህ አገር ይሄ በጣም የተለመደ ሥጋ ነው፣ ማንም አላታለለኝም፣ ጀርመኖቹ ቤት ፍሪካዴለ (የተፈጨ ሥጋ ተጠፍጥፎ የሚጠበስ) የሚሠራው ብዙ ጊዜ በሱ ነው፣ ስለዚ ሻጭ ያስጠነቅቀኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ሥጋ ቤት ደሞ "ሃልብ ኡንት ሃልብ" (ግማሽ በግማሽ) ካላችሁ ወይም ሻጩ ሲጠይቃችሁ "ያ" (አዎ) ካላችሁ ያው የተደባለቀውን ነው የሚመዝንላችሁ። የምትፈልጉት ሪንደርሃክፍላይሽ ነው፣ መጀመሪያው ላይ ሪንድ (የበሬ) የሚል። ሽቫይን ካለ አሳማ ነው፣ ጉላሽም (ለወጥ የተቆራረጠ ሥጋ) ጌሚሽት አለው፣ ያለቀለት ፍሪካዴለ፣ ማውልታሸን (ውስጡ ሥጋ የተሞላ ፓስታ)፣ ብራትቩርስት (የሚጠበስ ቋሊማ)፣ እነዚህን ከጀርባቸው ሳታነቡ ቅርጫት ውስጥ አትክተቱ። የዶሮ ወይም የተርኪ ቋሊማ ብሎ ፊት ለፊት ጽፎ ውስጡ የአሳማ ስብ ያለበትም አለ። ሙስሊም ከሆናችሁ ሪንድ ማለቱ ብቻ አይበቃችሁም፣ የቱርክና የአረብ ሥጋ ቤት በየከተማው አለ፣ እዛ ሂዱ።

አንድ ሌላ፣ ክትፎ ወዳጆች ስሙኝ። ሥጋ ቤቱ መስታወት ውስጥ ቀይ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሽንኩርት ተነስንሶበት ታያላችሁ፣ ሰዉም ዳቦ ላይ ቀብቶ በጥሬው ይበላዋል። ልባችሁ እንዳይዘል፣ ሜት ይባላል፣ አሳማ ነው። ለክትፎ ታታር የሚባለውን ስብ የሌለበት የበሬ ሥጋ በዕለቱ ተፈጭቶ ውሰዱ፣ በጥሬው እንደምትበሉትም ንገሩት። በፕላስቲክ የታሸገውን ተራ የተፈጨ ሥጋ ግን በጥሬው አትንኩት፣ አብስላችሁ ብሉ ብሎ ራሱ ላይ ተጽፏል።

ሪንዱን ካገኛችሁ ፍሪካዴለ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የተጨመቀ የትናንት ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። አሽታችሁ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ሁለቱንም ጎን ጥበሱ። የተረፈው ለልጅ የነገ ምሳ ዕቃ ይሆናል። እኔ ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል አደርጋለሁ፣ ጀርመን ጎረቤቴም አልተቃወመችም።

ቅቤን በተመለከተ፣ ቡተርሽማልትስ የነጠረ ቅቤ ነው፣ ኮረሪማና ኮሰረት ጨምራችሁ ብታሞቁት የቤት ቅቤ ይተካል። ሽማልትስ ብቻ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሞራ ነው፣ የዝይም አለ፣ አጠገብ ለአጠገብ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። በጠርሙስ የሚሸጥ ቀይ ጎመንም አንዳንዱ ሽማልትስ አለበት። አይብ ለምትፈልጉ ክዋርክ አትግዙ፣ እሱ ልስልስ ነው፣ ኮርኒገር ፍሪሽኬዘ የሚለው ፍርፍር ያለው ይቀርባል።

ለጎመን ክረምት እስኪገባ ጠብቁ፣ ግሩንኮል ከኅዳር ጀምሮ ይመጣል፣ እንደኛው ጎመን ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰሜን ጀርመን ውስጥ ተጋብዛችሁ ከቀረበላችሁ ግን ፒንከል የሚባል የአሳማ ቋሊማ አብሮ ይመጣል።

ለጾም ቬጌታሪሽ የሚለውን አትመኑ፣ ወተትና እንቁላል ይኖረዋል፣ ቬጋን የሚለውን ፈልጉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

በነገራችን ላይ ልጆቹ ኪታ ሞቅ ያለ ምሳ ከበሉ ማታ እንደገና ድስት መጣድ ግዴታ አይደለም፣ እዚህ ማታ ዳቦ፣ አይብ፣ ኪያርና ካሮት ቆራርጠው ይበላሉ፣ ሥራ ውላ ለመጣች እናት ትልቅ እረፍት ነው። አባቶች ዳቦ መቁረጥ አያቅታችሁም። የኪታው ቅጽ ላይ አለርጂ የሚለው ቦታ ላይ አሳማ ብላችሁ አትጻፉ፣ የሐኪም ወረቀት አምጡ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ አሳማ አይበላም ብላችሁ ለብቻው ጻፉ፣ ለአስተማሪዋም በቃል ንገሯት። የምሳው ክፍያ ደሞ ቮንጌልድ (የቤት ኪራይ ድጎማ)፣ ኪንደርትሱሽላግ (ተጨማሪ የልጅ ድጎማ) ወይም ገቢው ለማይበቃ ሰው የሚሰጥ ሌላ የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ቢልዱንግ ኡንት ታይልሃበ በሚባለው የልጆች ድጋፍ ይሸፈናል፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ከወላጅ ይቆረጥ የነበረው 1 ዩሮም ቀርቷል። ግን ዝም ብሎ አይመጣም፣ ድጎማው በታደሰ ቁጥር አዲሱን ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ፣ ወረቀት ወዳድ አገር ነው፣ ያላስገባ ሰው የወር ምሳውን ከኪሱ ይከፍላል። ባለፈው "አላወቅኩም ነበር" ብሎ ያለቀሰብኝ ሰውዬ ደብዳቤው ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ነበር።