የፍሬን ዘይት ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና መፍትሄው

ዘይቱ ሲጎድል፦ የእጅ ፍሬን ተለቆም ቀዩ የፍሬን መብራት ካልጠፋ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ኮፈኑን መክፈትና ዘይቱ በማጠራቀሚያው የላይኛና የታችኛ መስመሮች መካከል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ የጎደለ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ (ተፋትጎ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል) እያለቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ዘይት ከመጨመሩ በፊት ሸራው ይታይ። በቀናት ውስጥ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የጎማዎቹ የውስጥ ጎን፣ ቱቦዎቹና የፔዳሉ ሥር ይፈተሹ፣ መኪናውም እስኪጠገን አይነዳ። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ፣ ምክንያቱን ሳይፈልጉ እየጨመሩ መንዳትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ፔዳሉ ሲለሰልስ፦ ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩ ከየጎማው ይውጣ። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነና በውጭም የሚያፈስ ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ፣ አልቋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ሲል፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከላይ ጠንካራ የነበረው ፔዳል መሃል ላይ ወደ ወለሉ ከሰመጠና መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ያረጀ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 4 (DOT 4፣ አንዱ የፍሬን ዘይት ዓይነት) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ 3.7 በመቶ ውሃ ለያዘው ግን የሚጠበቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግር ግፊቱ ሸራው ጋ አይደርስም። ከሁሉም ይህን ብልሽት እፈራዋለሁ፤ ፔዳሉ ሲቀዘቅዝ መመለሱ ሹፌሩን «ተስተካክሏል» አሰኝቶ ያዘናጋዋል። በዚያች ቅጽበት ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሹን ወደ ከባድ ማውረድና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በሙሉ ይቀየር፤ አምራቹ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በየ2 ዓመቱ መቀየር ተገቢ ነው። የጠቆረ ዘይት መቀየሪያ ጊዜው ማለፉን ያመለክታል፣ የጠራ መሆኑ ግን ውሃ አለመያዙን አያረጋግጥም።

የሚገዛው ዘይት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከዶት 3ም ሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ስለሚያበላሽ ጠብታም አይግባ። ሲጨመር የመኪናው ቀለም ላይ የፈሰሰ ካለ ቀለሙን ሳይልጠው ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠብ።