የሰፈር ልጆችን በጥናት እንዴት እንደግፋለን? ከደብረ ብርሃን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ለሰፈር ልጆች ነፃ የማጠናከሪያ ትምህርት ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን 40 ልጅ ሰበሰብን። ደብተርና እስክሪብቶ አደልን፣ ፎቶ ተነሳን። ጥር ላይ አስጠኚዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈተና ደረሰባቸውና አንድ እሑድ ቀረን። ቀጥሎ ሌላ እሑድ ቀረን። በኋላ ጎረቤት እንደነገረችን አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሁለቱንም እሑድ መጥቶ ነበር። ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ የተቆለፈው በር ላይ ተደግፎ፣ ብርዱ ሲበረታበት ነው የሄደው። በሦስተኛው እሑድ እኛ መጣን። እሱ ግን አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ የያዝነው ደንብ ሁሉ የመጣው ከዚያ በር ነው። ኑሮ የከበደው ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከጎበዝ አስጠኚ በፊት የማይቀር አስጠኚ ያስፈልገዋል። የምነግራችሁ እንዴት እንደማይቀር ነው።

ለምን እንደምንጀምር እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ውጤት በወጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ያወራል። ብዙው ልጅ ግን ወደ ኋላ የቀረው ገና ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሳለ ነው። አንቀጽ አንብቦ ሳይረዳ አለፈ፣ ከዚያ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

መጀመሪያ ራሳችሁን ቁጠሩ

ልጆቹን ከመመዝገባችሁ በፊት አስጠኚዎቹን ቁጠሩ። ከመስከረም እስከ ሰኔ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል ስንት ሰው አለ? “እሞክራለሁ” ያለውን አትቁጠሩት። አንድ አስጠኚ ለአራት ልጅ ጥሩ ነው። ስድስት ሲሆኑ ይከብዳል። አሥር ከሆኑ ያው ክፍል ሆነ ማለት ነው። ሦስት ሰው ከሆናችሁ 12 ልጅ ያዙ። “12 ልጅ ምን አላት?” የሚል ሰው አይጠፋም። ዝም ብላችሁ 12 ያዙ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ስላላት ትልቅ ዕድል አላት። የግቢ ልጆች ጉልበትም ፍቅርም አላቸው። ግን ፈተና አለባቸው፣ ለዕረፍት አገራቸው ይገባሉ፣ ይመረቃሉ። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ አስጠኚ የከተማው ነዋሪ ይሁን፦ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጣ መምህር። እኛ ዘንድ አንድም ቀን ያልቀሩት ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ለእያንዳንዱ አስጠኚ ተጠባባቂ መድቡ። የግቢውን የፈተና ጊዜም ከወዲሁ ጠይቃችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡት። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ሰው እጅ ይኑር።

ቦታና ሰዓት

አዳራሽ ለመከራየት አትሩጡ። ቀበሌ ጠይቁ፣ እድር ጠይቁ። እድር ወንበርም ቤትም አለው፤ በሥራ ቀን ባዶውን ነው የሚውለው። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ከፈቀደላችሁ ሰሌዳም አገኛችሁ ማለት ነው። ማንም ቢፈቅድላችሁ ግን በቃል አይቅር። ደብዳቤ አስገቡ፣ ማኅተም ያለበት መልስ ያዙ። ኃላፊ ሲቀየር የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ቀኑን ስትመርጡ ገበያ የሚቆምበትን ቀን ተዉት። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ጉልት ላይ ናቸው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ። እኛ እሑድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይዘናል። ቀን ሳለ ይጀመራል፣ ቀን ሳለ ያልቃል። ይህ በተለይ ለሴቶቹ አስፈላጊ ነው፤ የጨለመ መንገድ አንዲት ልጅ ከጥናት ለመቅረት በቂ ምክንያቷ ነው።

ቤታቸው ሂዱ

ልጆቹን ራሳችሁ አትምረጡ። የክፍል ኃላፊ መምህራንን “በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ፣ ግን ከክፍል የማይቀር ልጅ ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። በከተማው ከተጠለሉ ተፈናቃይ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ካሉም አስታውሷቸው። አንዳንዶቹ ትምህርታቸው አንድና ሁለት ዓመት ተቋርጦባቸዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ሂዱ።

አንድ ጊዜ ጠላ የሚሸጡ እናት ቤት ገባን። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለቻቸው። “እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?” አልን። ቁጭ አሉ፣ አስቀመጡን፣ ሰሙን። ከዚያ “እሷ ከሄደች ጋኑን ማን ያጥባል ልጄ?” አሉ።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ስለ ትምህርት ጥቅም መስበክ መልስ አይሆንም። እሳቸው የትምህርትን ጥቅም ከእኛ በላይ ያውቁታል። “እትዬ፣ በስንት ሰዓት ብትመጣ ይመችዎታል?” አልናቸው። “9 ሰዓት” አሉ። ልጅቷ ለሁለት ወር ያህል አንድ ሰዓት እየዘገየች መጣች፣ እኛም አንድ አስጠኚ ለእሷ እያቆየን አስጠናናት። በሦስተኛው ወር እናትየው ራሳቸው 8 ሰዓት ላይ ላኳት።

ለወላጅ “ልጅዎ ደረጃ ይወጣል” አትበሉ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደምትገኙ ብቻ ንገሯቸው። ገንዘብ እንደማትጠይቁም ንገሯቸው። መርዳት የሚፈልግ ወላጅ ካለ አንድ ጣሳ የገብስ ቆሎ ይበቃል። ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ አለ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እሱም እንደምታውቁ ያውቃል። ቆሎው ለሁሉም እኩል ሲዘገን ማንም አይሸማቀቅም።

ልጁ የቱ ጋ እንዳለ እወቁ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስለሆነ ከሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ይጀምሩለታል። አትጀምሩ። የሕንዱ ፕራታም የተባለ ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሠራበት ቀላል መንገድ አለ፦ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ልክ መመደብ። እኛም እንደዚያው እናደርጋለን።

ለንባብ ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ስድስት መስመር በእጅ ገልብጡ። ልጁን ለብቻው፣ ሌሎቹ በማይሰሙበት ጥግ፣ ግን ሁሉም በሚያይበት ቦታ አስነብቡት። የማይችል ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፤ ይገምታል። “ተመለሰች” የሚለውን “ተመለከተች” ብሎ ያልፋል። ፊደሎቹን አውቋል፣ ቃሉን ግን እስከ መጨረሻው አላየውም። ሌላም መፈተኛ አለ። “ልጁ ይበላል” እና “ዳቦው ይበላል” ብላችሁ ጻፉለት። ፊደሉ አንድ ነው፣ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። የገባው ልጅ ሳያስበው ለይቶ ያነባል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ካነበበ ድምፅ እያወጣ ነው እንጂ ሐሳቡን አልያዘም። ከዚያ ጀምሩለት።

ለሒሳብ 43 ሲቀነስ 17 ስጡት። ብዙዎች 34 ይላሉ። ከላይ ይሁን ከታች ሳይሉ ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳሉ። አንዱ ልጃችን ወረቀት ላይ 34 ጻፈ። እናቱ ጉልት ላይ ድንች ትሸጣለች። “43 ብር ይዘህ የ17 ብር ድንች ገዛህ። ስንት ቀረህ?” አልኩት። እርሳሱን ሳያነሳ “26” አለኝ። ከዚያ የራሱን ወረቀት አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ሒሳቡን ያውቀዋል። የገበያው ሒሳብና የደብተሩ ሒሳብ አንድ መሆናቸውን የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ለዚህ ነው መቀነስን በብርና በሳንቲም የምንጀምረው።

ውጤቱን በልጁ ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት፣ አስቀምጡት። ለሌሎች ልጆች አታሳዩት።

ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ችግራቸው ሌላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የባዮሎጂ ገጽ አምጥታችሁ ብታስነብቧቸው ይገለብጡታል እንጂ አይረዱትም። ለእነሱ ትንሽ የኪስ ደብተር አስይዙና በሳምንት አሥር ቃል ያጽፉበት። መጀመሪያ የጥያቄ ቃላትን፦ ዲፋይን (ፍቺውን ስጥ)፣ ኮምፔር (አወዳድር)፣ ኤክስፕሌይን (አብራራ)፣ ሊስት (ዘርዝር)። ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው ብቻ የሚያውቀውን የሚስት ልጅ ብዙ ነው።

ሁለቱ ሰዓት

መጀመሪያ 10 ደቂቃ ቆሎና ሰላምታ። ቀጥሎ 40 ደቂቃ ንባብ፣ 40 ደቂቃ ሒሳብ፣ ሁሉም በየደረጃው። የቀረው ግማሽ ሰዓት ለጨዋታ ነው። ጨዋታ ስል ወሬ ማለቴ ነው። የቤት ሥራ ልሥራላችሁ አትበሉ። አስጠኚው የልጁን እስክሪብቶ ከተቀበለ ትምህርቱ ቆመ።

የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት

ብዙ ቡድን የሚያስጠና እንጂ የሚያማክር አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ምክር ስንል ግን “በርቱ፣ አይዟችሁ” ብቻ ይመስለናል። ልጁ ይህን በየቀኑ ይሰማዋል። ይልቅ ዝርዝር ጠይቁ፦ የት ነው የምታጠናው? በስንት ሰዓት? መብራት አለ? ታናናሾችህ የት ነው የሚተኙት?

አንዲት ልጅ ለወራት “ቤት አጥንቻለሁ” ትለን ነበር። ስንጠይቃት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጠጪ እስከ ማታ 3 ሰዓት አይወጣም። የምታጠናበት ጥግ የለም። ምክር አላስፈለጋትም፣ ወንበር ነበር ያስፈለጋት። የእድሩን ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ለዝምታ ጥናት ከፈትንላት። አስተማሪ የለም። ሁለት ትልቅ ሰው ቁጭ ብለው የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ዛሬ ከእሑዱ ይልቅ የሚሞላው ይኼ ነው።

በወር አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጋብዙ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ንግግር አያስፈልግም። “ስምንተኛ ክፍል ስንት አመጣህ? የከበደህ ምን ነበር? ማን ረዳህ?” ብለው ልጆቹ ይጠይቁት። ዩኒቨርሲቲ ብቸኛው በር እንዳልሆነም ይስሙ። ቴክኒክና ሙያ አለ። በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶ ያልሞላለት ደግሞ የተቀመጠውን መቁረጫ ነጥብ ካሟላ ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ዕድል ሊኖረው ይችላል። ይህን ልጆቹ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የማይታለፍ ደንብ

አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ በተዘጋ በር ውስጥ አይቀመጡም። በሩ ክፍት ነው፣ ሁለት አስጠኚ ሁልጊዜ አለ። አስጠኚ ለልጅ በግል ስጦታ አይሰጥም፣ ማታ ስልክ አይደውልም። ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት አስጠኚ ትኑር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሞዴስ አስቀምጡ፣ ልጃገረዶቹ የት እንዳለ ይወቁ፣ ማስፈቀድ አያስፈልጋቸውም። ልጅ ደጋግሞ ቁስል ይዞ ከመጣ ወይም የሚያስፈራ ነገር ከነገራችሁ ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙ። ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ፎቶም አታንሱ። የእኛን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ዛሬም ሳይ ያን የተቆለፈ በር ላይ የቆመውን ልጅ ነው የማየው። ፎቶው ውስጥ መሐል ላይ ነው የቆመው፣ አዲሱን ደብተር በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ።

ልጅ ሲቀር፣ ዓመቱ ሲያልቅ

ስም ጥሩ። የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ቀን ሰው ይሂድ። ለመቆጣት አይደለም፣ “ዛሬ አጣንህ” ለማለት ነው። አሞት ይሆናል፣ ጫማ የለውም ይሆናል፣ የቀን ሥራ ሄዶ ይሆናል። አስጠኚ ሲቀርም ልጆቹ ከአንድ ቀን በፊት ይስሙ።

ሰኔ ላይ ያንኑ ስድስት መስመርና ያንኑ መቀነስ እንደገና ስጧቸው። የመስከረሙንና የሰኔውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለልጁ ስጡት። የእሱ ነው፣ እቤቱ ይውሰደው። ያልተሻሻለ ልጅ ካለ ምን እንዳልሠራለት ራሳችሁን ጠይቁና ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ አስጠኚ ሞክሩለት።

ስትለያዩ “ከክረምት በኋላ እንገናኛለን” አትበሉ። ቀኑን ቁረጡ። እኛ የመስከረምን ሁለተኛ እሑድ፣ 8 ሰዓት እንላለን። ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን፣ ልጆቹም ደብተራቸው ጀርባ ላይ ይጽፉታል። ቁልፍ የያዙት ሁለት ሰዎች በዚያ ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከፍተው ይጠብቋቸዋል።